የአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፍ በየትኛው ፎንት ይጻፍ?

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የእኅቴ ልጅ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን ልታስጠርዝ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ጽሑፉ በራሷ ላፕቶፕ ላይ 118 ገጽ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሉን ሲከፍተው 127 ገጽ ሆነ። ማውጫው ምዕራፍ አራት በገጽ 71 እንደሚጀምር ይናገራል፤ ምዕራፉ ግን ገጽ 77 ላይ ተቀምጧል። አንድ ሠንጠረዥ ከወገቡ ተቆርጦ ግማሹ ወደሚቀጥለው ገጽ ወርዷል። የፊደሉ መልክ ራሱ ሌላ ነው፤ ቀጠን ብሎ የብዕር ለዛ የነበረው ፊደል ጠፍቶ ወፍራምና ደረቅ ፊደል ቦታውን ይዟል። «አጎቴ፣ ይህ እኮ የእኔ ጽሑፍ አይደለም» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጽሑፉ የእሷው ነበር፤ አንድ ቃል አልጠፋም። የጻፈችበት ፎንት ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ወርድ ደግሞ የታዘዘውን ፎንት ሲያጣ ማንንም ሳያስፈቅድ ያገኘውን ይተካል። «በየትኛው ፎንት ነበር የጻፍሽው?» ብዬ ስጠይቃት «እኔ አልመረጥኩም፤ አማርኛ ስጽፍ ራሱ የመጣው ነው» አለች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ጥናት በመጨረሻው ቀን የተናጋው ማንም ባልመረጠው ፎንት ምክንያት ነው።

ስለ ፎንት የሚጠይቁኝ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ያምራል?» ብለው ይጀምራሉ። እኔ የምጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው። ጽሑፋችሁ ከእጃችሁ ወጥቶ አማካሪያችሁ ዘንድ፣ ከዚያ ፈታኙ ዘንድ፣ ከዚያ ማተሚያው ዘንድ፣ በመጨረሻም ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ሲደርስ እናንተ እንደ ጻፋችሁት ሆኖ ይደርሳል ወይ? ይህን ፈተና ካለፉት ፎንቶች መካከል ነው በውበት መምረጥ የሚገባው። ውበቱንም አላቃልለውም፤ መቶና ከዚያ በላይ ገጽ በጥቂት ቀናት አንብቦ የሚመጣ ፈታኝ ዓይኑ ደክሞ ከሆነ ድካሙ ወደ ጽሑፉ ይዞራል።

ከሁሉ በፊት የትምህርት ክፍሉ መመሪያ

መመሪያው የፎንቱን ስም ጠቅሶ ካዘዘ ክርክሩ እዚያው አለቀ። ብዙ ጊዜ ለእንግሊዝኛ ታይምስ ኒው ሮማን በ12 መጠን፣ ለአማርኛ ደግሞ ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ 1 ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ዩኒኮድ በ12 መጠን የሚሉ መመሪያዎች ያጋጥማሉ። ስለ አማርኛ ምንም የማይሉም አሉ። አንዳንዱ መመሪያ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ተገልብጦ ለአማርኛ ጽሑፍም «ታይምስ ኒው ሮማን» ይላል። ታይምስ ኒው ሮማን የግዕዝ ፊደል የለውም። ይህን መመሪያ ቃል በቃል የተከተለ ተማሪ በወርድ ሳጥን ውስጥ ታይምስ የሚል ስም ሊያይ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ፊደል ግን ወርድ በራሱ ፈቃድ ያመጣው የሌላ ፎንት ፊደል ነው። የእኅቴ ልጅም በዚህ ወጥመድ ነው የገባችው። መመሪያው ዝም ካለ ወይም እንዲህ ካሳሳተ አማካሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሰጧችሁንም መልስ አስቀምጡት።

ዩኒኮድ የሆነና ያልሆነ

ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ፣ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር የጋራ ሥርዓት ነው። የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡበት የራሱ ወንበር ስላልነበረው በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን የእኛ ፊደል ከነዲቃላዎቹ፣ ከነሥርዓተ ነጥቡና ከነቁጥሩ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ የፊደላችንን ስብስብ ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፍለው ያድሉት ነበር። ዘመኑ የፈቀደው ያንን ነበርና የሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያለ እነርሱ የአማርኛ ጋዜጣና መጽሐፍ በኮምፒውተር ባልተለቀመ ነበር።

ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ፎንት የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ ግን ጽሑፉን ከነነፍሱ መቅበር ነው። ለሰው ዓይን «ቅኔ» የሚል ቃል ይታያል፤ ኮምፒውተሩ የያዘው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና የቅንፍ ምልክት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍት «ቅኔ» ብሎ ሲፈልግ የእናንተ ጥናት አይመጣለትም። ፎንቱ የሌለው ሰው ፋይሉን ሲከፍተውም የሚያየው ዝብርቅርቅ ነው።

«አሁን ማን በዚያ ይጽፋል?» እንዳትሉ። የአሮጌዎቹ ፎንቶች ስም ከዩኒኮዶቹ ስም ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ብዙ ጊዜ የሚለያቸው «ዩኒኮድ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ተጭነው ይገኛሉ። ከቆየ ጥናት የተገለበጠ መጠይቅ ወይም ከቀድሞ ተመራቂ የተወሰደ የሽፋን ገጽ አሮጌውን ፎንት ይዞ ይገባል። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ አንቀጽ ምረጡና ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ለውጡት። ፊደሉ ግዕዝ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ፊደላት ዝብርቅ ከተለወጠ አሮጌው ነው፤ ያንን ክፍል እንደገና ጻፉት ወይም በመለወጫ ፕሮግራም ለውጡት። ይህን ፈተና በዋናው ጽሑፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በአባሪዎቹ ላይም አድርጉ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተሸሸገው እዚያ ነው።

አንድ ሌላ ግራ መጋባት እዚሁ ላይ ላጥራው። «በፓወር ግዕዝ ነው የጻፍኩት» የሚል ተማሪ ስለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል የሚናገረው፤ ስለ መጻፊያው ቁልፍ አሠራርና ስለ ፊደሉ ቅርጽ። በፓወር ግዕዝ ወይም በኪማን መጻፊያ እየተየባችሁ የፈለጋችሁትን የዩኒኮድ ፎንት መምረጥ ትችላላችሁ። እጃችሁ የለመደውን መተየቢያ መተው አያስፈልግም።

ፎንቶቹ አንድ በአንድ

ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ 1 በአገር ቤት ለመመረቂያ ጽሑፍ በብዛት የሚታወቀው ነው። ትልቁ ጥንካሬው መለመዱ ነው። ፈታኙም አማካሪውም ዓይናቸው ያውቀዋል፤ በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ ጽሕፈት ቤቶችም አብዛኛዎቹ ጭነውታል። መስመሩ ደልደል ያለ፣ በተራ ወረቀት ላይ በተራ ማተሚያ ሲወጣ የማይደበዝዝ ነው። ድክመቱ የሚሸጥ ፕሮግራም አካል መሆኑ ነው፤ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አታገኙትም፤ ውጭ አገር ያለ ፈታኝ ወይም የማክ ተጠቃሚ ዘንድ ደግሞ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። መመሪያው ካዘዘው ያለ ማመንታት ተጠቀሙበት፤ ለሌላ ሰው የምትልኩትን ግን በፒዲኤፍ ላኩ። ቪዥዋል ግዕዝ ዩኒኮድም በጠባዩ ከዚህ ብዙ አይርቅምና ሁለት ጊዜ አልናገርም።

ኒያላ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። እኔ በግሌ ቅርጹን እወደዋለሁ፤ የብዕሩ ወፍራምና ቀጭን ምት በውስጡ ይታያል፤ አብሮት ያለው የላቲን ፊደልም ከግዕዙ ጋር እንዲስማማ ሆኖ የተሳለ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ሦስት ነገር ያሳስበኛል። መጀመሪያ በቁጥሩ ልክ አይታይም፤ 12 ብላችሁ የጻፋችሁት ከሌሎቹ 12 ጎን ሲቀመጥ አነስ ብሎ ይታያል። ሁለተኛ ደማቅ (ቦልድ) ወንድም የለውም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ ከዋናው ጭነት ወጥቶ ተጨማሪ የኢትዮፒክ ፎንት ተብሎ ለብቻው የሚጫን ሆኗል። አማርኛን በቋንቋነት የጨመረ ኮምፒውተር ይኖረዋል፤ ያልጨመረ አይኖረውም። ስለዚህ «ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ስለሆነ የትም አለ» የሚለው የቆየ እምነት ዛሬ አይሠራም።

ኢብሪማ በአንጻሩ በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ሁሉ አለ፤ የግዕዝ ፊደል የተጨመረለት በዊንዶውስ 8 ነው። ደማቅም አለው። ወርድ ሌላ ሲያጣ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ እሱን ነው፤ ያ የእኅቴን ልጅ ያስለቀሰው ወፍራም ፊደል ይኸው ነበር። መስመሩ ሁሉ አንድ ውፍረት ያለው፣ ለስክሪን የታሰበ ፎንት ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ፣ በሥዕል መግለጫ ላይ ያምራል። መቶ ገጽ ሙሉ ሲነበብ ግን ይደርቃል።

አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የእኔን ልብ የሚገዛው ነው። በነፃ የሚወርድ፣ በፋይል ውስጥ ለማካተትም ለማደልም ፈቃዱ ክፍት የሆነ ፎንት ነው። ቅርጹ ከብራና ጽሕፈት ወግ የወጣ ነው፤ የፊደሉ አቋም የቁም ጸሐፊን እጅ ያስታውሳል። ከዚህም በላይ በዩኒኮድ ውስጥ ያሉትን የኢትዮጵያ ፊደላት በሙሉ ይዟል። ለብዙዎቻችሁ ይህ ትርፍ ሊመስል ይችላል። የጉራጌኛን ድምፆች የሚያጠና ተማሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ ዩኒኮድ የገቡ ፊደላት ያስፈልጉታል፤ በአሮጌ ፎንት ቢጽፋቸው ባዶ ሳጥን ነው የሚያገኘው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያጠናውም እንዲሁ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 የራሳቸውን ቦታ ስላገኙ በሥዕል መለጠፍ ቀርቷል፤ የሚያሳያቸው ፎንት እስካለ ድረስ። ፊሎሎጂ፣ ሥነ ልሳን፣ ዜማ ለምታጠኑ አቢሲኒካን ያለ ጥርጥር እመክራለሁ። ጉድለቱ አንድ ነው፤ እንደ ኒያላ ሁሉ ደማቅ የለውም።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይህን ጉድለት የሚሞላው ነው። ከጎግል የመጣ፣ እንደ አቢሲኒካ ነፃና ክፍት ፈቃድ ያለው ነው፤ ከቀጭን እስከ በጣም ደማቅ የተሟላ ቤተሰብ አለው። እግሩና ራሱ ላይ የብዕር ማረፊያ ያለው በመሆኑ ለረጅም ንባብ ይስማማል። ወንድሙ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ማረፊያ የተሳለ ሲሆን በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አማርኛ የምናነበው በእሱ ነው። ሁለቱን አጣምሮ ጽሑፉን በሰሪፉ፣ ሠንጠረዡን በሳንሱ ማድረግ ጥሩ ይሄዳል። ስታወርዱት አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በሚወርደው ጥቅል ውስጥ ሁሉንም ውፍረት በአንድ የያዘ ፋይልና «ስታቲክ» የሚል አቃፊ አለ። ወርድ የመጀመሪያውን በደንብ አያስተናግድም፤ ከአቃፊው ውስጥ መደበኛውንና ደማቁን ለይታችሁ ጫኑ።

በማክ ለምትጽፉ ከፋ የሚባል ደማቅም ያለው ያማረ ፎንት አለ። ከአፕል ውጭ ስለማይገኝ ግን የወርድ ፋይሉን ለዊንዶውስ ተጠቃሚ አማካሪ የምትልኩ ከሆነ አትጀምሩበት።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። መመሪያው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ 1 ካለ እሱ። መመሪያው ነፃ ከተወ ለአብዛኛው የአማርኛ ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። የግዕዝ ምንጭ፣ ብርቅ ፊደል ወይም የዜማ ምልክት ካለ አቢሲኒካ። ኒያላን በግጥም መድበል ላይ ባየው ደስ ይለኛል፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ግን ሁለተኛ ምርጫዬ ነው።

የደማቅ ፊደል ነገር

ይህን ለብቻው ያነሣሁት ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ፎንቱ ደማቅ ከሌለው ወርድ አልችልም አይልም፤ ያንኑ ፊደል ትንሽ ገፋ አድርጎ በራሱ ላይ ይደርበዋል። ላቲን ይህን ይችለዋል። የእኛ ፊደል ግን ምሥጢሩ ያለው በትናንሽ ልዩነት ላይ ነው። ሱ እና ሲ የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው፤ የካዕቡ ወገቡ ላይ፣ የሣልሱ እግሩ ሥር። ሴ ላይ ያቺው ጭረት ትዞርና ቀለበት ትሆናለች። ሐ፣ ጠ፣ ጨ ሦስት እግር አላቸው፤ በእግሮቹ መካከል ያለው ነጭ ቦታ ነው ፊደል የሚያደርጋቸው። የውሸቱ ደማቅ ያንን ነጭ ቦታ ይበላዋል። ቀለበቱ ይደፈናል፤ ሴ ወደ ሲ ይጠጋል፤ ጬ ጥቁር እብጠት ይሆናል።

ምርጫችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህቺን መስመር በየፎንቱ በመደበኛና በደማቅ ጽፋችሁ በወረቀት አውጧት፦ «ሱ ሲ ሴ፣ ቁ ቋ ቍ፣ ጩ ጪ ጬ፣ ጐ ጎ ጓ፣ ሟሟ፣ ጩኸት፣ ቋንቋ»። ስክሪን ላይ አትፍረዱ፤ ስክሪን እያሰፋ ያታልላል። ወረቀቱን በክንድ ርቀት ያዙትና ዕድሜአቸው ከፍ ላሉ ሰው፣ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ አስነብቡ። ሳይደናቀፉ ያነበቡት ፎንት ፈታኙንም አያስቸግርም።

ዘመም ያለ ፊደል (ኢታሊክ) በእኛ ወግ የለም። የድሮ ጸሐፊዎቻችን አንድን ስም ማክበር ወይም ራስን ከአካል መለየት ሲሹ ቀይ ቀለም ነበር የሚያነሡት። ዛሬ የማጣቀሻ ሥርዓቱ የመጽሐፍ ርእስ ዘመም ብሎ ይጻፍ ሲል ኮምፒውተሩ ፊደሉን ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተፈጠረው ፊደል የሚወድቅ ይመስላል። መመሪያው ከፈቀደ የመጽሐፍ ርእስን በደማቅ ወይም በትእምርተ ጥቅስ ለዩ። ካልፈቀደ ዘመሙን በማጣቀሻ ዝርዝሩ ውስጥ ብቻ ወስኑት፤ በጽሑፉ አካል አጽንዖት ለመስጠት አትጠቀሙበት።

መጠን፣ መስመርና ከላቲን ጋር መኖር

የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ዓይን በዚያ እየተንጠለጠለ ይሄዳል። የግዕዝ ፊደላት ግን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙ ናቸው። ገጹ ግድግዳ እንዳይሆን የሚያደርገው በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው። 1.5 ክፍተት ለእኛ ፊደል ቅንጦት አይደለም፤ መተንፈሻው ነው። ገጽ ለመቆጠብ ብላችሁ ክፍተቱን ከምታጠብቡ መጠኑን ከ12 ወደ 11.5 ብታወርዱ ይሻላል፤ መመሪያው ከፈቀደ።

በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ የአማርኛ ምሳሌ የምታስገቡ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ቁጥር አትተዉአቸው። 12 የሆነ ግዕዝ ከ12 ታይምስ አጠገብ ገዝፎ ይታያል፤ ግዕዙን በአንድ መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩና ዓይናችሁን ጠይቁ። አማርኛን በላቲን ለምትጽፉ፣ በላያቸው ሁለት ነጥብ ወይም ቆብ፣ በሥራቸው አንድ ነጥብ ያለባቸው ፊደላት ብዙ ስለሚያስፈልጓችሁ ምልክቱ ፊደሉ ላይ በትክክል የሚቀመጥበትን ፎንት ምረጡ። ቻሪስ፣ ዱሎስና ጄንቲየም ለዚሁ ተብለው የተሠሩና በነፃ የሚገኙ ናቸው።

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ቁጥርም ይረሳል። «በ2015 ዓ.ም.» ሲጻፍ ፊደሉ በኖቶ፣ 2015ቱ ግን በካሊብሪ ሆኖ የቀረባቸውን ጽሑፎች ብዙ አይቻለሁ። ወርድ ቁጥሩን ከላቲን ወገን ስለሚመድበው ነው። በእጅ እየመረጣችሁ አትልፉ፤ የዋናውን ጽሑፍ ስታይል ክፈቱና ለሁሉም ወገን አንድ ፎንት ስጡ፤ ርእሶቹንም እንዲሁ። ስታይል የተጠቀመ ተማሪ አማካሪው «ፎንቱን ቀይር» ቢሉት በአንድ ደቂቃ ይለውጣል። አራት ነጥብን ሁለቴ ሁለት ነጥብ በመምታት አትሥሩት፤ ። የራሱ ቁልፍ አለው። ከፊቱም ክፍተት አትተዉ፤ ካልሆነ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር መነሻ ይወርዳል።

ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ጥናት ምርጫው ቀላል ነው። ታይምስ ኒው ሮማን እ.ኤ.አ. በ1932 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የተሠራ ነው፤ ጋዜጣ ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ፊደሉም ጠበብ ያለ ነው፤ በአንድ ገጽ ብዙ ቃል ይይዛል፤ የትም ይገኛል። ቀመር የበዛበት ጥናት ላላችሁ ካምብሪያ የሒሳብ ወንድም ስላለው ይመቻል፤ በላቴክ ለምትጽፉም ዚላቴክን ብትመርጡ አቢሲኒካንና ኖቶን በቀጥታ ይቀበላል። ኤሪያልና ካሊብሪ ለሠንጠረዥ ይበቃሉ። አዲሱ ወርድ ሲከፈት የሚያቀርበውን አፕቶስ ግን ተዉት፤ በቆዩት የኦፊስ እትሞች ላይ ስለሌለ የእኅቴን ልጅ ዓይነት ዕጣ ያመጣባችኋል።

ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት

የወርድ ፋይሉን ለአማካሪያችሁ ስትልኩ በፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ በኩል ገብታችሁ ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ እንዲካተት የሚያዘውን ምልክት አድርጉ። ፈቃዳቸው ክፍት የሆኑት አቢሲኒካና ኖቶ ያለ ችግር ይካተታሉ፤ አንዳንድ የሚሸጡ ፎንቶች ግን መካተትን ሊከለክሉ ይችላሉ። ለማተሚያው ወርድ አትስጡ። ፒዲኤፉን በራሳችሁ ኮምፒውተር፣ ፎንቱ ባለበት፣ አውጡት።

ፒዲኤፉን በአዶቢ ሪደር ክፈቱና በፋይል ሥር ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን እዩ። ከእያንዳንዱ ፎንት ስም አጠገብ መካተቱ ተጽፎ ይገኛል። ያልመረጣችሁት የአማርኛ ፎንት ስም በዝርዝሩ ካያችሁ አንድ ቦታ ሾልኮ የገባ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ፣ የገጽ ቁጥር ወይም የሠንጠረዥ ርእስ ነው። ቀጥሎ አንድ አንቀጽ ከፒዲኤፉ ቀድታችሁ ባዶ ገጽ ላይ ለጥፉ፤ በትክክል ከተነበበ ቤተ መጻሕፍቱም በትክክል ያነበዋል። ከጽሑፉ መካከል አንድ ብርቅ ቃል መርጣችሁ ፈልጉና መገኘቱንም አረጋግጡ።

የወረቀቱን መጠን ተመልከቱ። በአሜሪካ ልማድ የተዘጋጀ ወርድ ገጹን በሌተር መጠን ይከፍታል፤ የእኛ ማተሚያዎች የሚጠቀሙት ኤፎር ነው። ጽሑፉን ስትጀምሩ ወደ ኤፎር ካልቀየራችሁ በመጨረሻው ቀን ማተሚያው ገጹን አጥቦ ያወጣዋል፤ 12 ብላችሁ የደከማችሁበት ፊደል ትንሽ ይከሳል፤ ጥራዙ የሚበላው የግራ ኅዳግም ይዛባል። ለሠራተኛው «በ100 ፐርሰንት መጠን አውጣልኝ» በሉት። ቅጂዎቹን ሁሉ ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ገጽ ብቻ አስወጡ፤ ማውጫውን፣ ሠንጠረዥ ያለበትን አንድ ገጽና የማጣቀሻ ዝርዝሩን። እዚያው ቆማችሁ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ አንብቧቸው።